የምጣኔ ሀብት ትምህርትና የተማሪው ጠባይ

የታላቅ እኅቴ ልጅ በዩኒቨርሲቲ የምጣኔ ሀብት ትምህርት በጀመረ በሁለተኛው ዓመት፣ የኅዳር ወር ሊያልቅ ጥቂት ቀን ሲቀረው፣ በእናቱ ቤት ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ በእናትና በልጅ መካከል የተነሣው አጭር ክርክር ከዚያ ወዲህ ከአእምሮዬ ሊወጣ አልቻለም። እትዬ ታኅሣሥ 19 ቀን ቁልቢ ገብርኤል ሄደው የሚያስገቡት ስለት ነበረባቸው፤ ለዚሁም ከጎረቤቶቻቸው ጋራ ሚኒባስ ተከራይተው፣ የድርሻቸውን ቀብድ ከፍለው፣ ስንቁ በመሰናዳት ላይ ሳለ የቆየ የጉልበት ሕመማቸው ተነሥቶባቸው፣ ከመኝታቸው ተነሥተው እጓዳ ለመድረስ እንኳ ግድግዳ የሚይዙ ሆነው ነበር። ልጁም ሲኒውን አስቀመጠና፣

«እማዬ፣ ቀብዱ እንደ ሆነ ሄዷል፤ ብትሄጂም ብትቀሪም አይመለስም። ስለዚህ ከሂሳብ አታስገቢው። ማሰብ ያለብሽ ከዛሬ ወዲያ ስላለው ድካምና ስለምታገኚው ጥቅም ብቻ ነው» አላቸው።

«እኔ መች ስለ ቀብዱ አነሣሁብህ? ስለቴ ነው እንጂ።»

«ስለቱም እኮ ያው ያለፈ ነገር ነው።»

«ያለፈ?» አሉና ጀበናውን ከምድጃው እያነሡ ቀና ብለው አዩት። «አንተን የሰጠኝ እኮ ነው!»

ቤቱ በሳቅ ተሞላና ነገሩ በዚያው ተቆረጠ። ልጁ ግን በመጽሐፉ ሕግ አልተሳሳተም ነበር። ተከፍሎ የማይመለስ ገንዘብ ለነገው ውሳኔ ምክንያት ሊሆን አይገባም የሚለው ትምህርት የምጣኔ ሀብት መምህራን በመጀመሪያው ዓመት ከሚያስተምሯቸው ፍሬ ነገሮች አንዱ ነው፤ እኔም ራሴ ገንዘብ ከፍዬ ገብቼበታለሁ በማለት ብቻ የማይረባ ፊልም እስከ መጨረሻው ተቀምጬ ያየሁ ሰው እንደ መሆኔ መጠን፣ ይህ ትምህርት በጊዜው ደርሶኝ ቢሆን ኖሮ ብዙ ምሽት ይተርፈኝ ነበር። እናቲቱም አልተሳሳቱም፤ እርሱ ስለ ቀብድ ሲናገር እርሳቸው ስለ ዕዳ ይናገሩ ነበርና። እኔን ያሳሰበኝ ከሁለቱ ማን ረታ የሚለው ሳይሆን፣ ከሁለት ዓመት በፊት በዚያው ቤት በዚያው በርጩማ ላይ ይቀመጥ የነበረው ልጅ እንዲህ ያለውን ነገር ሊናገር ቀርቶ ሊያስበውም የማይችል መሆኑ ነው። ትምህርቱ ልሳኑን ለውጦታል። ልቡንና እጁንስ?

ይህ ጥያቄ በእኛ ቤት ብቻ የተነሣ አይደለም። በአሜሪካና በአውሮፓ የሚገኙ ሊቃውንት፣ አብዛኞቹም ራሳቸው የምጣኔ ሀብት ምሁራን የሆኑ፣ የገዛ ተማሪዎቻቸውን በገንዘብ ጨዋታ፣ በመጠይቅና አንዳንድ ጊዜም ሳያሳውቁ እየፈተኑ ከአርባ ዓመት በላይ ሲመራመሩበት ኖረዋል። ከዚህ በታች የማነሣቸውን ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መጻፌን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

አስቀድሞ ስለ ስሙ ጥቂት ቃል ልበል። ምጣኔ ሀብት የምንለው መጠነ ከሚለው የግእዝ ግስ የወጣ ሲሆን፣ ሀብትን መለካትን፣ ለፍላጎት የሚበቃውን ከማይበቃው መለየትን ያመለክታል። የግሪኩ ስም ግን ስለ መለካት የሚያወሳው ነገር የለውም፤ ኦይኮኖሚያ ማለት ቤትን ማስተዳደር ማለት ነውና። በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ 16 በጌታው ዘንድ የተከሰሰው፣ ከሹመቱ ሊሻር መሆኑን ባወቀ ጊዜ የባለ ዕዳዎቹን ደብዳቤ እየቀነሰ ያስጻፈው፣ እኛም መጋቢ የምንለው ያ ሰው በግሪኩ መጽሐፍ ስሙ ኦይኮኖሞስ ነው። ዐመፀኛ ሆኖ ሳለ ስለ ብልሃቱ መመስገኑ የትርጓሜ መምህራንን ለብዙ ዘመን ሲያደክም የኖረ ምስጢር ነው፤ በዚህ ሙያ ላይ የሚነሣው ሐሜትም ሥሩ ከዚያ ይጀምራል ብል የሚቈጣኝ አይኖር ይሆናል።

የዘመናዊው ትምህርት አባት የሚባለው የስኮትላንዱ አዳም ስሚዝ በግላስጎ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ምግባር ፍልስፍና መምህር ነበር። ሥጋ ሻጩና ዳቦ ጋጋሪው ምሳችንን የሚያቀርቡልን ለጥቅማቸው ሲሉ እንጂ ለእኛ ራርተው አለመሆኑን የሚያስረዳውን ዝነኛ መጽሐፉን በ1776 ከማሳተሙ 17 ዓመት አስቀድሞ፣ በ1759፣ ሰው በባልንጀራው ደስታና ኀዘን እንዴት እንደሚካፈል የሚመረምር ሌላ ታላቅ መጽሐፍ አሳትሞ ነበር። ይህንን የማያነቡ ተማሪዎች ዝነኛውን ብቻ ሲጠቅሱ እንሰማለን፤ ዝነኛውንም ቢሆን በሙሉ ያነበቡት ጥቂቶች ናቸው። ከእርሱ በኋላ የተነሣው ጆን ስቱዋርት ሚል በ1836 በጻፈው ድርሳን፣ ይህ ዕውቀት የሰውን ጠባይ ሁሉ ሳይሆን ሀብትን የመሻቱን ወገን ብቻ ለይቶ እንደሚመለከት፣ ሰው በእውነቱ እንዲህ ብቻ ነው የሚል ሞኝ የምጣኔ ሀብት ሊቅ ግን እንደማይገኝ አስጠንቅቆ ነበር። ለአስተያየት እንዲመች ተብሎ የተሣለው ያ ሰው፣ ለጥቅሙ ብቻ የሚሮጠው፣ ውሎ አድሮ ከመጽሐፉ ወጥቶ በተማሪው ልብ ውስጥ ቤት ይሠራ እንደ ሆነ ነው እንግዲህ ጥያቄው።

ስለ ሐሜቱም አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ ፍርድ ማጓደል ይሆንብኛል። ይህን ትምህርት የሚያንኳስሱ ሰዎች ሁሉ በእንግሊዝኛ የሚጠሩት «የጨፈገገው ዕውቀት» በሚል የስድብ ስም ነው፤ ስሙን ያወጣለት ቶማስ ካርላይል የተባለ ጸሐፊ ሲሆን፣ ዘመኑም 1849 ነው። ብዙ ሰው ይህን ስድብ የሚያውቀው ርኅሩኅ ደራሲ በጨካኝ ነጋዴዎች ላይ እንደ ተናገረው አድርጎ ነው። ነገሩ ግን ግልባጩ ነበር። ካርላይል የተቈጣው በካሪቢያን ደሴቶች ከባርነት ነጻ የወጡት ጥቁሮች በግድ ወደ እርሻ ይመለሱ ሲል፣ የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት ደግሞ ሰው የሚሠራው በፈቃዱና በሚስማማው ደመወዝ ነው ብለው ስለ ተቃወሙት ነው፤ ሚልም በተከታዩ ዓመት በጽሑፍ መልሶለታል። ቀዝቃዛ ነው የተባለው ሂሳብ በዚያን ጊዜ ከባሮቹ ወገን፣ ትኩስ ነው የተባለው ልብ ከጅራፉ ወገን ቆመው ተገኙ።

ወደ ፈተናዎቹ እንመለስ። በ1981 ጄራልድ ማርዌልና ሩት ኤምስ የተባሉ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ያሳተሙት ጥናት ርእሱ ራሱ ነገረኛ ነበር፤ የምጣኔ ሀብት ሰዎች በሰው ጀርባ ይሳፈራሉ፣ ሌላስ የሚሳፈር አለን? የሚል ጥያቄ ነበርና። የጨዋታውን ሥርዓት የእድር አባል የሆነ ሰው ሁሉ ሳይነግሩት ያውቀዋል። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ጥቂት ገንዘብ ይሰጠዋል፤ ለራሱ ቢያስቀምጠው ያው የራሱ ነው፤ ወደ ማኅበሩ ሣጥን ቢያስገባው ግን ገንዘቡ ይባዛና፣ ያዋጣም ያላዋጣም እኩል ይካፈለዋል። ሁሉም ቢያዋጣ ሁሉም ይከብራል፤ ከሁሉ የሚበልጠውን የሚያተርፈው ግን ሌላው ሲያዋጣ እጁን የሰበሰበ ነው። መዋጮ ሳይከፍል ድንኳኑ የሚተከልለት፣ ንፍሮው የሚቀቀልለት ሰው ማለት ነው፤ ብቻ የእድር ዳኛ በዚያ ጨዋታ ውስጥ የለም።

የተለያዩ ሰዎች በተጫወቱ ጊዜ ከተሰጣቸው ገንዘብ ግማሽ ያህሉን ወደ ማኅበሩ ሣጥን አስገቡ። ለሁለተኛ ዲግሪና ከዚያ በላይ ምጣኔ ሀብት ለማጥናት የገቡ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ግን ያስገቡት 20 ከመቶ ያህሉን ብቻ ነበር። እኔን ከቍጥሩ ይልቅ የገረመኝ ከጨዋታው በኋላ የሆነው ነው። ተመራማሪዎቹ ለሁሉም፣ በዚህ ነገር ርትዕ የሚባለው መዋጮ ስንት ነው ብለው ቢጠይቁ፣ ሌሎቹ ሰዎች ያለ ችግር ሲመልሱ ከምጣኔ ሀብት ተማሪዎቹ ከሢሶ የሚበልጡት ወይ መልስ አንሰጥም አሉ፣ ወይ ትርጓሜው የማይጨበጥ የተወሳሰበ ነገር ጽፈው መለሱ። ስግብግብ ሰው ርትዕ ምን እንደ ሆነ ያውቃል፣ ዐውቆም ይተዋል፤ እነዚህ ግን ቃሉ ራሱ እንግዳ የሆነባቸው ይመስሉ ነበር።

ከዚህ በኋላ በ1993 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ ሮበርት ፍራንክ ከሁለት ባልደረቦቹ ከቶማስ ጊሎቪችና ከዴኒስ ሪገን ጋራ፣ ነገሩን በብዙ ወገን መረመሩት። ከጨዋታዎቻቸው አንዱ በሁለት ሰዎች መካከል የሚደረግ ነው። ሁለቱም ቢተማመኑ እያንዳንዳቸው 2 ዶላር ያገኛሉ፤ ሁለቱም ቢካካዱ 1 ዶላር ብቻ፤ አንዱ አምኖ አንዱ ቢከዳው ከጂው 3 ዶላር ይዞ ይሄዳል፣ ታማኙ ባዶ እጁን ይቀራል። ከምጣኔ ሀብት ተማሪዎች 60.4 ከመቶ የሆኑት ከዱ፤ ከሌሎቹ ግን 38.8 ከመቶ። በዚያ ላይ ሌሎቹ ተማሪዎች ወደ ምረቃ እየቀረቡ በሄዱ ቍጥር መክዳታቸው ሲቀንስ፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ግን ከነበሩበት እምብዛም አልተነቃነቁም። ሰው በዕድሜ ይበስላል የሚለው የእኛ አባባል በእነርሱ ላይ ሳይሠራ ቀረ ማለት ነው። ተጫዋቾቹ አስቀድመው ተገናኝተው እንዲነጋገሩና ቃል እንዲገባቡ በተፈቀደላቸው ጊዜ ግን፣ ቃሉን የሚያስከብር ዳኛ ባይኖርም፣ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ ለማለት እስኪቻል አነሰ። ፊት ለፊት ዐይን ለዐይን ተያይቶ «እሺ» ያለ ሰው፣ ያጠናው ምንም ይሁን ምን፣ ለመክዳት ይከብደዋል።

እነዚሁ ሰዎች በመስከረም ኮርስ ሲጀመር የጠየቁትን ጥያቄ በታኅሣሥ ሲያልቅ ደግመው ጠየቁ። ስምና አድራሻ የተጻፈበት፣ 100 ዶላር ያለበት ፖስታ ወድቆ ብታገኝ ትመልሳለህን? የአንተ ቢጠፋስ ያገኘው ሰው ይመልስልሃልን? ዐሥር ኮምፒዩተር ተልኮለት የዘጠኝ ብቻ ሂሳብ የተጠየቀ ነጋዴ ስሕተቱን ያስታውቃልን? ለጥቅም መሻት ትልቅ ስፍራ ከሚሰጠው መምህር ክፍል የወጡት ተማሪዎች፣ ሥነ ፈለክ ከሚማሩት ጋራ ሲነጻጸሩ፣ በአንድ መንፈቅ ውስጥ በሰውም በራሳቸውም ላይ ያላቸው እምነት ይበልጥ ቀንሶ ተገኘ። ስለ መምህራኑም ጠይቀው ነበር፤ ለበጎ አድራጎት በዓመት አንዲት ሳንቲም እንኳ የማይሰጡ ከምጣኔ ሀብት መምህራን መካከል 9.3 ከመቶ ሲሆኑ፣ በሌሎቹ የትምህርት ዘርፎች ግን ይህ ቍጥር ከ4.2 አያልፍም ነበር። ደመወዛቸው ከብዙዎቹ የበለጠ ሆኖ ሳለ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያነበበ ሰው ክሱ ተፈጸመ፣ ፍርዱም ታወቀ ይል ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲሁ ብዬ ነበር፤ የእኅቴንም ልጅ በሌላ ዐይን ማየት ጀምሬ ነበር። ነገር ግን በ1996 በዋሽንግተን ከተማ ባለው በጆርጅ ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ ሦስት ሰዎች፣ አንቶኒ የዘር፣ ሮበርት ጎልድፋርብና ፖል ፖፐን፣ ሰው በመጠይቅ ላይ የሚለውንና በጨዋታ የሚያደርገውን ትተን በእውነተኛ ኑሮው የሚያደርገውን እንይ ብለው ተነሡ። ፖስታውን በመጠይቅ ወረቀት ላይ በመጣል ፈንታ በእውነት ጣሉት። ቴምብር የተለጠፈባቸው፣ አድራሻ የተጻፈባቸው፣ በየውስጣቸው 10 ዶላር ጥሬ ገንዘብ ያለባቸው 64 ፖስታዎች አዘጋጅተው፣ እኩሌቶቹን የምጣኔ ሀብት ትምህርት በሚሰጥባቸው ክፍሎች፣ እኩሌቶቹን የሌላ ትምህርት ተማሪዎች በሚገቡባቸው ክፍሎች ጥለው ጠበቁ። ከሌሎቹ ክፍሎች ከመቶ 31 ያህሉ ተመለሱ። ከምጣኔ ሀብት ክፍሎች ግን ከመቶ 56።

አንድ ተማሪ ከወንበር ሥር ፖስታውን አነሣ እንበል። ማንም አላየውም፤ በእጁ ይዳስሰዋል፤ ገንዘብ መሆኑን ያውቃል። ምናልባት በዚያው ሰዓት በጥቍር ሰሌዳው ላይ የተጻፈው፣ ሰው ጥቅሙን ከፍ ያደርግ ዘንድ ይተጋል የሚል ነው። ደብተሩን ዘግቶ ይወጣና በመንገዱ ላይ ካለው የፖስታ ሣጥን ይጨምረዋል። በመጠይቁ ላይ «አልመልስም» ብሎ የጻፈው ይኸው ሰው ሊሆን ይችላል። የፖስታዎቹ ቍጥር ትንሽ ነው፣ በዚህ ብቻ የጸና ፍርድ አይሰጥም፤ ሆኖም ከብዙ መጠይቅ ይልቅ እነዚህ ፖስታዎች ልቤን ይነኩታል። በጨዋታ ቤት የምጣኔ ሀብት ተማሪ የሚያደርገው፣ መምህሩ ከእርሱ ይጠብቃል ብሎ ያሰበውን ሊሆን ይችላልና፤ ለእርሱ ጨዋታው ልክ እንደ ፈተና ወረቀት ትክክለኛ መልስ ያለው ነው።

ሌላው ጥያቄ ደግሞ ልዩነቱ ከትምህርቱ መጣ ወይስ ከተማሪው ጋራ ገባ የሚለው ነው። ዜማ የሚያምረው ልጅ ወደ ዜማ ቤት ይሄዳል እንጂ ዜማ ቤት ጕሮሮ አይፈጥርም። ጆን ካርተርና ማይክል አይረንስ በ1991 ባሳተሙት ጥናት፣ አንዱ 10 ዶላርን እንዲያካፍል ሌላው ድርሻውን እንዲቀበል ወይም ሁለቱም እንዲያጡት የሚደረግበትን ጨዋታ አጫውተው፣ የምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ለራሳቸው ይበልጥ እንደሚያስቀሩ፣ ጥቂትም ቢሰጣቸው ከሌሎቹ ይልቅ እንደሚቀበሉ አዩ፤ ነገር ግን ገና ትምህርቱን የጀመሩትም ሊመረቁ የተቃረቡትም አንድ ዓይነት ነበሩ። ብሩኖ ፍራይና ስቴፋን ማየር በዙሪክ ያገኙት ማስረጃ ከዚህም የሰፋ ነው። በዚያ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዱ ተማሪ በየመንፈቁ ሲመዘገብ፣ ለተቸገሩ ተማሪዎች ብድር 7 ፍራንክ፣ ለውጭ አገር ተማሪዎች መርጃ 5 ፍራንክ ይሰጥ እንደ ሆነ ይጠየቅ ነበር፤ ማንም አያየውም፣ ማንም አያስገድደውም ነበር። እነርሱም የብዙ ሺህ ተማሪዎችን መዝገብ ገልጠው ቢመረምሩ፣ ልዩነት ካለም፣ በተለይ የንግድ ሥራ አስተዳደርን ከሚያጠኑት ወገን፣ አንድም ትምህርት ሳይሰሙ በመጀመሪያው ምዝገባ ላይ የነበረ ነው እንጂ መንፈቅ በጨመረ ቍጥር የሚጨምር ሆኖ አላገኙትም።

በዚህ ላይ ተጨማሪ ውስብስብ ነገር ያመጣ አንድ ጥናት አለ። ዮራም ባውማን፣ በመድረክ ላይ ቆሞ ስለ ምጣኔ ሀብት እየቀለደ የሚኖር የሙያው ሰው ነው፣ እንዲህ ያለ ሙያ መኖሩን ሳነብ ብቻዬን ሥቄአለሁ፣ ከኢሌና ሮዝ ጋራ ሆኖ በ2011 በዋሽንግተን ክፍለ ሀገር የሚገኘውን የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ መዝገብ መረመረ። በዚያም ተማሪዎች ሲመዘገቡ ለሁለት ማኅበሮች ሦስት ሦስት ዶላር እንዲሰጡ ይጠየቁ ነበር። ምጣኔ ሀብትን ዋና ትምህርታቸው ያደረጉት ከሌሎቹ ያነሰ ይሰጣሉ፤ ትምህርቱ ግን የለወጣቸው ነገር አልነበረም፣ ፊትም እንዲያው ነበሩና። የተለወጡት ሌሎቹ ናቸው፤ ዋና ትምህርታቸው ሌላ ሆኖ አንድ ሁለት የምጣኔ ሀብት ኮርስ ወስደው የወጡት ከዚያ በኋላ መስጠታቸው ቀነሰ። ቀምሶ የሄደው ከጠገበው ይልቅ ታወከ።

ይህን በሁለት መንገድ ልንተረጕመው እንችላለን፤ በአንድምታ ሥርዓት ማለት ነው። አንድም፣ የመጀመሪያው ኮርስ ያንን ለጥቅሙ ብቻ የሚሮጠውን ሥዕል ካሳየ በኋላ ሰው እንዴት እንደሚተማመን፣ ማኅበር እንዴት እንደሚጸና የሚያስተምረው ወደ ኋላ የሚመጣ በመሆኑ፣ መካከል ላይ የወጣው ተማሪ ይዞት የሚሄደው የጆን ስቱዋርት ሚልን ማስጠንቀቂያ ያልሰማ ግማሽ ትምህርት ነው። አንድም፣ ከማኅበሮቹ አንዱ የትምህርት ክፍያ እንዲቀንስ የሚከራከር፣ ሌላውም የፖለቲካ ጉዳይ የሚያራምድ ስለ ሆነ፣ ተማሪው ገንዘቤ ለዚህ ባይውል ይሻላል ብሎ በቅን ሐሳብ ሊከለክል ይችላል፤ ይህን ስስት ማለት በደል ነው። እኔ የፊተኛው ይበልጥ ይመስለኛል፤ የኋለኛውን ግን ከመዝገቡ ላይ መፋቅ አልችልም።

ለእኔ እንደሚመስለኝ፣ ከጨዋታዎቹና ከመዝገቦቹ ሁሉ የሚወጣው፣ ትምህርቱ የሰውን እጅ ከመለወጡ አስቀድሞ ዐይኑን የሚለውጥ መሆኑ ነው። ተማሪው ክፉ አይሆንም፤ ባልንጀራው ክፉ ነው ብሎ መጠርጠርን ግን ይለምዳል። ከዚህም የባሰው፣ የሚታየውን ነገር ሲመጥን የማይመጠነው ከፊቱ ይሰወርበታል። እናቱ ስለት ሲሉ እርሱ ቀብድ እንደ ሰማ ሁሉ።

ይህንን ከሁሉ አብልጦ የገለጠው የቴል አቪቩ መምህር አሪየል ሩቢንስታይን በ2006 ያሳተመው ነው፤ እርሱም የዚሁ ትምህርት ታላቅ ሊቅ ሆኖ ሳለ የገዛ ቤቱን የሚጠራጠር ሰው ነው። በእስራኤል ለሚገኙ የተለያየ ትምህርት ተማሪዎች ያቀረበው ጥያቄ እንዲህ ነበር። ተባይ የሚያጠፋ አንድ ኩባንያ 196 ሠራተኞች አሉት፤ ገበያው ቀዝቅዟል፤ ኩባንያው ግን ገና ያተርፋል። ማንንም ባያሰናብት ትርፉ 4 መቶ ሺህ ሰቅል ነው፤ 170 ቢያስቀር 1 ሚሊዮን፣ 144 ቢያስቀር 1 ሚሊዮን 6 መቶ ሺህ፣ 100 ብቻ አስቀርቶ 96ቱን ቢያሰናብት ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን 2 ሚሊዮን ያገኛል። አንተ ብትሆን ስንቱን ታስቀራለህ? ከምጣኔ ሀብት ተማሪዎች ግማሽ የሚደርሱት 100 አሉ። ከፍልስፍናና ከሂሳብ ተማሪዎች ግን እንዲህ ያሉት ከአምስቱ አንድ አይሞሉም ነበር።

ከዚያ በኋላ ለሌሎች ተማሪዎች ሠንጠረዡን አንሥቶ በምትኩ ቀመር አቀረበላቸው፤ የሠራተኛውን ቍጥር ኤክስ ብንለው፣ ትርፉ በሚሊዮን ሲቈጠር የኤክስ ካሬ ሥር እጥፍ፣ ከዚያ ላይ የኤክስ ዐሥረኛ ተቀንሶ፣ ደግሞ 8 የተቀነሰለት ነው የሚል። ነገሩ ያው ነው፤ መልሱም ያው 100 ነው። አሁን ግን የሂሳብ ተማሪዎቹም እንደ ምጣኔ ሀብት ተማሪዎቹ ሆኑ፤ አብዛኛው ሰው፣ ያጠናው ምንም ይሁን ምን፣ ቀመሩን ፈትቶ 100 ብሎ ጻፈ። በሠንጠረዡ ላይ ሰዎች ነበሩ፤ በቀመሩ ውስጥ አንዲት ፊደል ብቻ ናት።

ከቁልቢ በተመለስን በማግሥቱ እሑድ ይህንን ቀመር በወረቀት ጽፌ ወደ እትዬ ቤት ሄድሁ። ጉዞው አልቀረም ነበር፤ ያ ቀብድን ከሂሳብ ያስወጣ ልጅ በለሊት እናቱን አዝሎ ከሚኒባሱ ፊተኛ ወንበር ላይ አስቀምጧቸው፣ የስለቱንም ዣንጥላ ዳገቱን ሁሉ ተሸክሞ ወጥቶ ነበር፤ ጥቅሙና ድካሙ እንዴት እንደ ተመዛዘነለት አልጠየቅሁትም። ወረቀቱን ስሰጠው ምን እንደ ሆነ ሳልነግረው እስክሪብቶውን አወጣና በአንድ ደቂቃ ውስጥ 100 ብሎ አሰመረበት።

«ልክ ነኝ አይደል ጋሼ?»

ልክ መሆኑን ነገርኩት፤ ከዚያም ኤክስ ማን እንደ ሆነ፣ ስንቱ ከሥራው እንደሚሰናበት ነገርኩት። ወረቀቱን መልሶ ወሰደና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየው፤ 196ቱንና 170ውን በዳር ላይ እየጻፈ አሰላ።

«መጀመሪያ እንዲህ ቢሉኝ ኖሮ 144 እል ነበር» አለ።

«ይህ 144 ከየትኛው ቀመር ወጣ?»

«ከቀመር አልወጣም።» ጥቂት አፈረ። «ትርፉም ብዙ አይጐዳም፤ ሰውም…»

እትዬ በዚህ መካከል ጉልበታቸውን በቅባት እያሹ ያዳምጡ ኖሯል፤ ፊደል ባይቈጥሩም ገበያ ውለው ያደጉ ስለ ሆኑ መቀነስ ማንም አይቀድማቸውም።

«ሃምሳ ሁለቱስ?» አሉት።

ልጁ ተነሥቶ ሲኒያቸውን ተቀበላቸው።